ሽማግሌ የሌለበት ድርድር

የያዙኝ የክትባት ሣጥኔ ትከሻዬ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። የከብት ሐኪም ነኝ፤ በደራና በፋርጣ ገጠሮች በእግሬ ስዞር ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ፖሊሶቹ ገጠር ለገጠር የሚዞር ሰው ሁሉ ለታጣቂ መልእክት የሚያመላልስ ይመስላቸው ነበር። ከሐሙሲት ስመለስ አንድ ኬላ ላይ ከመኪና አስወረዱኝና ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። የከተማዋን ስም ባልጽፈው ይሻላል። «በረዶው ሳይቀልጥ ፍሪጅ ያለው ሰው ፈልጉ፤ መድኃኒቱ ይበላሻል» ብል ማን ይስማኝ። መጀመሪያ ያንገበገበኝ መታሰሬ ሳይሆን የክትባቱ መበላሸት ነበር። ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ከሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የቀረ የስንዴ ፍሬ በእርጥበት በቅሎ፣ ብርሃን አጥቶ ነጭ ሆኗል። የሰው ላብና የድሮ እህል ሽታ ተደባልቆ ያፍናል። ጥግ ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉልኝ።

«ና እዚህ ተቀመጥ። የከብት ሐኪሙ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ አባቴ።»

«ቀኝ በሬዬ ያነክሳል። ኋላ እግሩን ነው።»

ሰላምታችን ይኸው ነበር። ለምን ታሰርክ ብለው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። የራሳቸውን ግን ለጠየቀም ላልጠየቀም ያወራሉ። የአንበሳሜ አካባቢ ሰው ናቸው፤ በአገራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ደም ያደረቁ የተከበሩ ሽማግሌ። በየዓመቱ የጥቅምት መድኃኔዓለምን ይዘክራሉ። በዝክር ቀን በር አይዘጋም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከየት መጣህ አይባልም። በዚያ ዓመት ከገቡት መካከል ታጣቂዎች ነበሩ ተባለና ተያዙ። መርማሪው ሲጠይቃቸው ለንስሐ አባት እንደሚናገር ሰው ሁሉንም ተናገሩ፤ ያልተጠየቁትን ሳይቀር ጨመሩ። «ዳቦው ተርፎ ስለነበር ለመንገዳቸውም ቋጥሬላቸዋለሁ» ብለው አረፉት። ክሱ የተሠራው ከራሳቸው አፍ በወጣው ቃል ነው።

አንድ ቀን ጧት መርማሪው በሩን ከፍቶ ጠራቸው። በያዛቸው ዕለት በአጥቢያቸው ሰው ፊት በጥፊ የመታቸው እሱ ነው። ያን ቀን ግን ድምፁ ለስልሷል።

«አባባ፣ ከሰዓት በኋላ ዐቃቤ ሕጓ ትመጣለች። የጥፋተኝነት ድርድር የሚባል ነገር አለ። ከተስማሙ ባጭሩ ያልቃል፤ ለአጨዳው ይደርሳሉ።»

ፊታቸው በራ። ጤፋቸው ደርሶ ነበር፤ ቤት ያሉት ሚስታቸው ብቻ ናቸው። በተኙበት እንኳ የሚያቃዣቸው የሚረግፍ ጤፍ ነበር።

«ድርድርማ ጥሩ ነው» አሉ። «ቀድሞም መሆን የነበረበት እሱ ነው።»

ውሃ አስመጥተው ፊታቸውንና እግራቸውን ታጠቡ። ከአንድ እስረኛ ነጋዴ ንጹሕ ጋቢ ተውሰው ለሽምግልና እንደሚወጣ ሰው አጣፉ። ወረቀት ካለ እንዳነብላቸው እኔም አብሬ እንድገባ ለመኑልኝና መርማሪው ፈቀደ። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ስንጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው? ቀድሞ የሚናገረው የማን ወገን ነው?»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ኋላ ገባኝ። ድርድር ሲባል እርቅ መስሏቸው ነበር ያ ሁሉ መታጠብ።

«አባቴ፣ ሽማግሌ የለበትም» አልኳቸው። «አንቱ አጥፍቻለሁ ይላሉ፤ እነሱ ደግሞ ቅጣቱን ያቀልሉልዎታል።»

«እነሱስ ምን ይላሉ?»

«ምንም አይሉም።»

«የመታኝስ?»

«እሱም ምንም አይልም።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። «ቃል ነው እኮ፤ ይበሉትና ይሂዱ፣ ጤፉ ይረግፋል» አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት። እንዲወጡልኝ እፈልግ ነበር፤ የክፍላችን የሌሊት ብርድ ለእሳቸው ዕድሜ አይሆንም።

ዐቃቤ ሕጓ ወጣት ናት፤ ፊቷ ላይ ድካም ይታያል። ተነሥታ ተቀበለቻቸው፣ ወንበር ሰጠቻቸው፣ ነገሩን ረጋ ብላ አስረዳች። ካልፈለጉ እምቢ ማለት መብታቸው እንደሆነም ነገረቻቸው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ የሚጮህን ሰው እምቢ ማለት ይቀላል። መርማሪው መስኮቱ አጠገብ ቆሟል።

«ልጄ፣ አብልቻለሁ» አሉ ሽማግሌው። «አልካድኩም፣ አልክድምም። አጥፍቻለሁ ካልኩ ግን ለከርሞ መድኃኔዓለም ምን ልሆን ነው? ደጄ ላይ ቆሜ መታወቂያ ልጠይቅ?»

ፈገግ ልትል ብላ ተወችው።

«አባባ፣ ዝክሩን አይደለም ጥፋት ያልነው።»

«ሌላ ምን አደረግሁ?»

እሷ ወደ መርማሪው አየች። መርማሪው ወደ ውጭ አየ።

«ድርድር ከሆነ ደግሞ» አሉ፤ ጣታቸውን ወደ ማንም አልቀሰሩም፤ «ይህ ልጅ በአገሬ ሰው ፊት መቶኛል። እሱም በድያለሁ ይበል። ያን ጊዜ እኔም ሰው ነኝና የራሴን በደል ፈልጌ አላጣም። በእኛ ዘንድ አንዱ ወገን ብቻ ተናግሮ እርቅ አይወርድም።»

ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል።

«እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት» አለ መርማሪው።

«እኔም ዝክሬን ነው የዘከርኩት።»

ዐቃቤ ሕጓ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ መልሳ አነሣችው።

«አልተስማሙም ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፊ ልጄ። እግዜር ፍርድሽን ያቅናልሽ።»

ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ለእሷ እጅ ነሡ። ዞረውም ለመታቸው ሰው እጅ ነሡ። እሱ አጸፋውን ለመመለስ አንገቱን ዝቅ ማድረግ ጀመረና መሀል ላይ ተወው።

ክፍላችን ስንመለስ ጋቢውን በወጉ አጥፈው ለነጋዴው መለሱ። ማዳበሪያቸው ላይ ተቀመጡ።

«ረግፎ ይሆን?» አሉኝ። እንባዬ መጣና ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ጤፉ አልረገፈም። የመንደሩ ሰው ደቦ ወጥቶ አጨደላቸው። እሳቸው ግን ወደ ማረሚያ ቤት ተዛውረው እዚያው ከረሙ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የመጡት ምስክሮች አንድ በአንድ «እኛም በልተናል» ብለው ተናገሩ፤ ዳኛው አዳምጠው ሽማግሌውን በነፃ አሰናበቷቸው። እኔን አንድ ጧት «ውጣ» አሉኝ፤ ወጣሁ። ሣጥኔን መለሱልኝ። ለምን እንደያዙኝም ለምን እንደለቀቁኝም የነገረኝ የለም።

ድርድሩን እጠላለሁ አልልም። በእውነት ያጠፋ ሰው ጥፋቱን አምኖ ባጭሩ ቢጨርስ ለእሱም ለተበደለውም ይበጃል፤ ያቺ ልጅም በቅንነት ነው የሠራችው ብዬ አምናለሁ። የሚከነክነኝ በዚያ ክፍል ውስጥ ቃል የሚጠበቀው ከአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። ባለፈው ክረምት የክትባት ሣጥኔ ተሰረቀ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመልክት ቢሉኝ እግሬ እምቢ አለኝ። ሌባውን አውቀው ነበር፤ ግን ባመለክት በጥፊ ተመትቶ ያልሠራውን ሁሉ ሊያምን ይችላል ብዬ ተውኩት። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፤ የፈራሁት ሌባውን አልነበረማ።

ዘንድሮ ለጥቅምት መድኃኔዓለም ሽማግሌው ጋ ሄድኩ። በሬውም ድኗል፤ እሱን ካላየህ ብለው አስቀድመው ወደ በረት ወሰዱኝ። ቤቱ ሞልቷል፤ ግን እንደ ድሮው አይንጫጫም፤ ሰው ሁሉ እየበላ በሩን ያያል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ጠላው ሲዞር አንድ የማናውቀው ሰው ደጃፉ ላይ ቆመ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ፊቱን በፎጣ ሸፍኗል። ዓይኔ ጫማው ላይ ወደቀ፤ የወታደር ይሁን የገበሬ ልለይ ስሞክር ለራሴ ታወቀኝ። «ከየት…» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሷል።

ሽማግሌው ቀደሙኝ፤ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ግባ፣ ግባ! ሐኪሙ፣ ጠጋ በልለት እንጂ።»

ጠጋ አልኩለት። አጠገቤ ተቀመጠ፤ ዋንጫውን አቀበልኩት። ማን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም።