ካርታው ላይ ያለው ሰማያዊ ክር

በጉዞ ወኪሉ ቢሮ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውስ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሥራ አስኪያጁም፣ ትኬት ቆራጯም፣ ደረጃ የምትጠርገው ሴትዮም «እትዬ ካርታ» ነው የሚሏት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተቀመጠችው ከአንድ ትልቅ የዓለም ካርታ ሥር ነው። ካርታው በላስቲክ ተሸፍኗል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት ወገኑ ስለ ደበዘዘ፣ በዚያ በኩል ያለው ውቅያኖስ ብዙ ጊዜ የታጠበ የአልጋ ልብስ መስሏል።

ሥራዋ ሰው የት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ወር እንደሚሄድ፣ በየት በኩል እንደሚመለስ ማውጣት ነው። ራሷ ግን ከተማዋን ለቅቃ አታውቅም። አውቶቡስ ሲያዘነብል ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ድልድይ ስትሻገር ትንፋሿን ትይዛለች። «ዓለምን በጣትዎ ዞረው ጨረሱ፣ በእግርዎ ግን ገበያ መድረስ ይፈራሉ» ትላታለች ትኬት ቆራጯ። እሷም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ውሸት አይደለማ።

በጣት የተማረችው ግን ቀላል አልነበረም። ሰው የሚጓዘው ቤቱ የሌለውን ፍለጋ እንደሆነ ደርሳበታለች። ግማሽ ዓመት ከደጁ በረዶ ሲዝቅ የሚኖር ሰው የሚጠይቃት ፀሐይና አሸዋ ነው፤ ከምንጣፉ ላይ አሸዋ ሲያራግፍ ያደገው ደግሞ «በረዶ በእጄ ልንካ» ይላታል። ለጥ ባለ ሜዳ የሚኖሩት ተራራ ያምራቸዋል፤ ተራራ ላይ ያረጁት ጉልበታቸውን እያሹ ዳገት የሌለበት ባሕር ይለምናሉ። ከትልልቅ ከተሞች አጠገብ ያለ ተራ የባሕር ዳርቻ ሰው በሰው ሲሆን፣ ከሁሉ የራቀች ውብ ደሴት በዓመት አንድ መርከብ እንግዳ አታይም። ካርታው ላይ በአውራ ጣት የሚሸፈኑ ሁለት ከተሞች፣ መካከላቸው ተራራ ስላለ ብቻ አሥራ አራት ሰዓት በመኪና ያስኬዳሉ። ይህን ሁሉ በመስመር በተከፋፈለ ወረቀት ላይ በቀለም እርሳስ አስፍራዋለች፤ ለያንዳንዱ ስፍራ አሥራ ሁለት ሳጥን፣ ለወር ለወሩ አንድ። አረንጓዴ «ይሂዱ» ነው፣ ቢጫ «ያስቡበት»፣ ቀይ «ይቅርብዎ»። ቢሮው በሙሉ የሚሠራው በዚያች ወረቀት ነው።

ታላቅ እህቷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። እንደ እሷ አይደለችም፤ ደፋር፣ ድምፀ ትልቅ፣ ቀልደኛ። በዚያ ዓመት እሷና ስምንት የሥራ ጓደኞቿ፣ ሁሉም ጡረተኛ አዋላጆች፣ ቀዩን ሸለቆ እናያለን ብለው ተነሡ። ሸለቆው ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ፣ በረሃ መሐል ነው። የጥንት ወንዝ ድንጋዩን እንደ ቢላዋ ሰንጥቆ የሠራው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በጭንቅ የሚያልፍበት ጠባብ ገደል ነው። ጎብኚ የሚራመደው በደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ነው።

«መቼ እንሂድ?» ብላ ጠየቀቻት እህቷ።

እትዬ ካርታ ወረቀቷን አየች። የቀዩ ሸለቆ መስመር ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። «በፈለግሽው ወር፣ እታለም» አለቻት።

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪው? ጉም ካየሽ በር የማትከፍቺው?»

«እዚያ እኮ ዝናብ የሚባል ነገር የለም።»

በሄዱ በአምስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የቢሮው ማተሚያ አንድ ወረቀት ተፋ። ደብዳቤው የመጣው ተራራ ላይ ካለ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። «ዝናቡ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አላቋረጠም። ድልድያችንንም ጎርፍ ወስዶታል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጡትን እንግዶቻችሁን መቀበል አንችልም፤ ይቅርታችሁን እንለምናለን» ይላል። እትዬ ካርታ እንደ ልማዷ ከጣሳው ውስጥ ራሰ ቀይ መርፌ ቁልፍ አወጣችና ካርታው ላይ ልትሰካው ተነሣች። መንገድ በተዘጋበት ስፍራ ሁሉ እንዲህ ያለ መርፌ ትሰካለች።

መርፌዋን ከሰካችበት አጠገብ አንዲት ሰማያዊ ክር ትጀምራለች። ከፀጉር የቀጠነች ወንዝ ናት። እትዬ ካርታ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ሳታስበው ክሯን በጣቷ ተከተለቻት። ክሯ ከተራራው ቡናማ ወደ ቢጫው ወረደች፣ ድንበር ተሻገረች፣ አንድም ከተማ የሌለበትን ምድር አለፈች፣ በረሃው ውስጥ ስትገባም ወደ ነጠብጣብ ተለወጠች። ጣቷ ነጠብጣቡን ይዞ ሄደ። ቆመ። የቆመው ቀዩ ሸለቆ ላይ ነበር።



ነጠብጣብ የሆነ ወንዝ አንዳንዴ ብቻ የሚፈስ ወንዝ ነው። ይህን ለስንት ሰው አስረድታለች! የሸለቆውን ወራት በእርሳስ ስትቀባ የጠየቀችው ግን «እዚያ ይዘንባል ወይ?» ብላ ነው። «ውሃው ከየት ይነሣል?» ብላ አልጠየቀችም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስፍራ ስፍራውን ስታይ፣ ወንዙን ወደ ላይ ተከትላ አታውቅም ነበር።

እዚህ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ይነጋል። የእህቷ አውቶቡስ የሚነሣው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ከሸለቆው በር ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ከበሩ ወዲያ ስልክ አይሠራም።

«እትዬ፣ ምነው? ፊትዎ አመድ መሰለ» አለች ትኬት ቆራጯ።

«ለቡድኑ አስጎብኚ ደውዪልኝ፣ የኔ ልጅ። ቶሎ በይ።»

አስጎብኚው ከአውቶቡሱ ውስጥ አነሣ። የእትዬ ካርታ የውጭ ቋንቋ እግሩ እንደ ላላ ወንበር ነው፤ በጥንቃቄ ካልተቀመጡበት ይጥላል። ቢሆንም ነገረችው።

«እመቤቴ፣ ሰማዩን ቢያዩት እንዲህ አይሉም ነበር። አንዲት ብጣሽ ደመና የለም!»

«ደመናው እዚያ አይደለም።»

«ታዲያ የት ነው?»

«ሌላ አገር።»

ሰውዬው ሳቀ። «በሰው አገር ዝናብ እኛ ጃንጥላ አንዘረጋም» አለና ስልኩን ለእህቷ አቀበላት።

«አንቺ፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለች እህቷ።

«እታለም፣ ሸለቆው ውስጥ አትግቡ። ደራሽ ውሃ ይመጣል።»

«ፀሐይዋ ፍንትው ብላ እየወጣች? ኧረ እናንተ፣ ስሙልኝማ! እህቴ እዚያ ቁጭ ብላ እዚህ ጎርፍ ታየኝ ትላለች!» ከኋላዋ ስምንቱ አዋላጆች ሲንከተከቱ ተሰማ። «ስንቱን አዋልጄ እንዳንቺ ከእናቷ ሆድ ፈርታ የወጣች አላየሁም። በይ ሰላም ሁኚ፣ ቀይ ድንጋይ አመጣልሻለሁ።»

«ውሃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ እታለም…»

ስልኩ ተዘግቷል።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገብታ ከበሩ ሥር ቆመች። ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ሆኖም ፊቱ ስትቆም ድምጿ ሁልጊዜ ያንሳል። የቡድኑ መግቢያ እንዲሰረዝ ጠየቀችው። የሸለቆው ደንብ ጥብቅ ነው፤ የላኪው ቢሮ ስም ዝርዝሩን ከሰረዘ በረኛው ማንንም አያስገባም። ለመሰረዝ ግን የሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ያስፈልጋል።

«አስጎብኚው ምን አለ?»

«ሰማዩ ጥርት ያለ ነው አለ።»

«ታዲያ?» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እትዬ ካርታ፣ የዛሬ አራት ዓመትም ማዕበል ይመጣል ብለው አርባ ሰው ከባሕር አስመለሱብኝ። ማዕበሉ መጣ?»

«አቅጣጫውን ለወጠ።»

«አቅጣጫውን ለወጠ። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ይቅርታ ስጠይቅ ኖርኩ። ፍርሃትዎን ቤትዎ ያስቀምጡልኝ። አይሰረዝም።»

ወጣች። ወደ ወንበሯ ተመለሰች። የሻይ ብርጭቆዋን ክዳን አነሣችና መልሳ ከደነችው። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከሃምሳ ይላል። ምናልባት እውነታቸውን ነው። ምናልባት ውሃው አሸዋው መጥጦት በረሃው ላይ ቀርቷል። ምናልባት ትናንት አልፎ ሄዷል። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ምናልባት እያለች ልትቀመጥ አልቻለችም፤ ዓይኗን በከደነች ቁጥር ዘጠኝ አሮጊቶች በቀይ ድንጋይ መካከል በሰልፍ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሰማይ ሲያደንቁ ይታዩዋታል።

የበረኛውን ስልክ ራሷ መታች። 

«የዘጠኝ ሰው ቡድን መግቢያ ይሰረዝልኝ» አለች።

ድምፁ የሽማግሌ ነው። «ሥራ አስኪያጁ ፈቅዷል?»

እትዬ ካርታ ወደ ተዘጋው በር አየች። በዕድሜዋ የዋሸችውን ውሸት በአንድ እጅ ጣት መቁጠር ትችላለች። «ፈቅዷል» አለች።

«ምክንያቱ?»

ደብዳቤውን አነበበችለት። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት የሚለውን ሽማግሌው አስደገማት። 

«ድልድዩን ወሰደ ነው ያልሽኝ?» አለ።

«ወሰደ ይላል።»

«ከላይ የሚነግረን የለም እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ድንበር ስላለ አይነግሩንም። በሩን ለሁሉም እዘጋዋለሁ።»

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ እህቷ ከበረኛው ቤት ደወለች። ድምጿ ስልኩን አልፎ ትኬት ቆራጯ ዘንድ ደረሰ።

«አንቺ ነሽ ያዘጋሽው? ሃያ ዓመት ስንመኘው የኖርነውን! ሰማዩ እንደ መስታወት ነው! ከበሩ ላይ እንደ ለማኝ ተኮልኩለናል፤ ጓደኞቼ ፊት አዋረድሽኝ። ከእንግዲህ ታናሽ እህት አለኝ አልልም፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ እታለም። ብቻ ወደ አሸዋው አትውረዱ።»

ጩኸቱን ሰምቶ ሥራ አስኪያጁ ወጣ። «ማን ፈቀደልዎት?»

«ማንም።»

«ነገ ዕቃዎን ይሰብስቡ» አለና በሩን ዘጋ። ሳይጮህ ስለተናገረው ይበልጥ ዘለቃት።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከሃያ ስድስቱ ዓመት ረዘመባት። እርሳሶቿን ቀረጸች። የተቀረጹትን ደግማ ቀረጸች። ውሃው እንዳይመጣ ፈራች፤ እብድ ልትባል፣ እህቷን ልታጣ ነው። ውሃው እንዲመጣም ፈራች፤ ከመጣ፣ እህቷ ተናዳ በረኛውን ጥሳ ገብታ ከሆነስ? ታውቃታለች፤ አታደርገውም አይባልም። ትኬት ቆራጯ ወንበሯን አጠገቧ አምጥታ ተቀመጠች።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሁለቱም ዘለሉ።

«ስሚ» አለች እህቷ። ድምጿ የሷ አይመስልም፤ ተሰብሯል። ከዚያ ስልኩን ወደ ውጭ አዞረችው መሰለ። መጀመሪያ ነፋስ ይመስል ነበር። ቀጥሎ ድንጋይ የጫኑ ብዙ መኪኖች በአንድ ጊዜ ሲራገፉ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ፣ በመካከሉም ግንድ ሲሰበር፣ ስልኳን ሞልቶ ቢሮው ውስጥ ፈሰሰ። እትዬ ካርታ ጠረጴዛውን ያዘች።

«እታለም! ሁላችሁም አላችሁ?»

«አለን።»

«ቁጠሪያቸው።»

«አለን አልኩሽ እኮ…»

«ቁጠሪያቸው፣ በእናታችን!»

እህቷ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። ሰባት ላይ ስትደርስ ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ ስምንት አለች፤ «ከኔ ጋር ዘጠኝ» ብላ አለቀሰች። «ሰማዩ አሁንም ሰማያዊ ነው» አለች እያለቀሰች። «ምንም እኮ የለበትም። ምንም።»

ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። ገብቶ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። ስለ ዕቃ መሰብሰብ ከዚያ ወዲያ ያነሣ የለም።

ትኬት ቆራጯ አቅፋት አለቀሰች። እትዬ ካርታ ግን አላለቀሰችም። እፎይታው እየመጣ ሳለ ሌላ ነገር ቀድሞት ደረሰ። ተነሥታ የመዝገብ መሳቢያውን ከፈተች። በዚህ ወር፣ በዚህ ሸለቆ፣ በዚያች አረንጓዴ ሳጥን ተማምና ከዚህ በፊት ማንን ማንን ልካለች? ጣቷ በማኅደሮቹ ጀርባ ላይ እየዘለለ ሄደ። አንድ የአስተማሪዎች ቡድን። አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት። ልጆቻቸውን የያዙ ሁለት ቤተሰቦች። ሦስት ጊዜ፤ ሁሉም በሰላም ተመልሰዋል፤ አመስግነው ፎቶግራፍ ልከውላታል።

አንዱን ፎቶግራፍ ከማኅደሩ አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። አስተማሪዎቹ ከሸለቆው ወለል ላይ ቆመው ይስቃሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ከበስተጀርባቸው ቀዩ ድንጋይ ለስልሶ ያበራል። ከአንገታቸው በላይ፣ ከረጅሙ ሰውዬ ራስም በላይ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ድንጋዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጠቆር ያለ መስመር ተስሏል። ልብስ የታጠበበት ውሃ ሲደፋ ገንዳው ላይ የሚቀረው ዓይነት መስመር ነው።

ፎቶግራፉ በመጣ ጊዜ ይህን መስመር አይታው ነበር። «ተፈጥሮ እንዴት ታምራለች» ብላ ለትኬት ቆራጯ ያሳየቻት እሷ ራሷ ናት።