ኖር ባይ ያጣ ድረ ገጽ

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁበት ሌሊት ዝናብ ነበር። እናቴ ነጠላዋን በራሴ ላይ ጣል አድርጋ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ፤ መንገዱ ጭቃ በጭቃ። ለምን እንደወጣሁ የማርቆስ ሰው ያውቃል፤ ለማያውቀው ዛሬ አላወራም፣ የዛሬው ጉዳዬ ሌላ ነው። እናቴ ስንቄን ልትፈትሽ ቦርሳዬ ውስጥ እጇን ብትሰድ ካሴት አገኘች።

«ይህ ይበላል?» አለችኝ።

ሳቅን። ከዚያ አውቶቡሱ ተነሳ።

ካሴቱ የአልጋነሽ ነው። አልጋነሽን ለማታውቁ፣ የአማኑኤል ልጅ ናት፤ ሁለት ካሴት አውጥታ ድምጿ የጠፋ ዘፋኝ። በእኛ ጊዜ ከማርቆስ አማኑኤል በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ ከእሷ ሌላ አይከፈትም ነበር። ሹፌሩ ሌላ ሲከፍት ተሳፋሪው «ምን አጠፋን?» ይለዋል።

መተማን ተሻግሬ ካርቱም ገባሁ። ከጮቄ ተራራ ሥር ላደገ ሰው የካርቱም ሙቀት ራሱ ስድብ ነው። ሰው ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ ስጠብቅ፣ በስደተኞች ጉዳይ በኩል ኖርዌይ የምትባል አገር ደረሰችኝ። ደረሰችኝ የምለው የመረጥኳት እኔ ስላልሆንኩ ነው። ብርዱን ለምጄዋለሁ፣ ብርድ የእኛም ነው። ያልለመድኩት ዝምታውን ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ሐኪም ቤት ወረፋ ልይዝ ገባሁና በልማድ «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ፣ በራሳቸው ቋንቋ። ሁሉም ጫማቸውን ተመለከቱ። እኛ ዘንድ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ እያለ «ኖር!» ይላል፤ ገቢው «በእግዜር» ብሎ ይቀመጣል። እኔ ያን ቀን ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ቆሜ ዋልኩ።

አከራዬ ደግሞ አንድ ቀን በሬን አንኳኳች። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሕግ አዋቂ ሴት ናት።

«ቤቱን ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው» አለችኝ።

«አንድ ነኝ።»

«ታዲያ ማታ ማታ የምታለቅሰው ሴት ማን ናት?»

«አታለቅስም፣ እየዘፈነች ነው። ካሴት ነው።»

«ታማ ነው?»

«ፍቅር ይዟት ነው።»

ትንሽ አሰበችና «ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ አይፈቀድም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልጋነሽ ፍቅሯን ከአራት ሰዓት በፊት ትጨርሳለች።

ማህበሩን ያገኘሁት በዚያው ዓመት ነው። ጀርመን የሚኖር ታደሰ የሚባል የማርቆስ ልጅ አንድ የኢሜይል አድራሻ አቁሟል፤ ወደዚያ አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ለሁሉም አባል ይደርሳል። የአልጋነሽ ወዳጆች ማህበር ይባላል። ቶሮንቶ ያለ አለ፣ ጅዳ ያለች አለች፣ አዲስ አበባ ያለም አለ። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አማርኛ ያስተማሩኝ ጋሽ ሙሉነህ! ጡረታ ወጥተው ማርቆስ ኢንተርኔት ቤት ይመጣሉ፤ መስመር ካለ ይጽፋሉ፣ ከሌለ ጋዜጣ አንብበው ይመለሳሉ። እሳቸው ማህበሩን ያቆሙት እንደ ጽዋ ማህበር አድርገው ነው፤ ጽዋው ብቻ የለም። በየወሩ ባለ ተራ አለ። ባለ ተራው አንድ ዘፈን ያነሳል፣ ከዚያ አባሉን በስም በስሙ እየጠራ «አንተስ? አንቺስ?» ይላል። ወሩ ሲያልቅ ለተረኛው ያስረክባል። አማርኛውን የምንጽፈው በፈረንጅ ፊደል ስለነበር ጋሽ ሙሉነህ «አልጋነሽን ኮት አለበሳችኋት» እያሉ ያማርሩ ነበር።

ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ። በዚያ ሁሉ አገር «አንቺ ልጅ፣ ምነው ጠፋሽ?» ብሎ የሚቆጣኝ የነበረው ማህበሩ ውስጥ ብቻ ነው። ሰው ካልተቆጣው መኖሩን ይጠራጠራል።

አንድ ቀን ታደሰ መርዶ ላከ፦ አድራሻውን የሚያስተናግደው ድርጅት ሥራውን ሊዘጋ ነው፤ ድረ ገጽ ሠርተን እንግባ። ሠራው። አቤት ማማሩ! የአልጋነሽ ፎቶ ከላይ፣ ዘፈኖቿ ከጎን፣ ጽሑፉ በገዛ ፊደላችን። «ከእንግዲህ ተራ መጠበቅ የለም» ብሎ ጻፈልን፣ «ማንም በፈለገው ሰዓት የፈለገውን ይጽፋል።» ሁላችንም እሰይ አልን። የድሮው አድራሻ ተዘጋ።

ማንም ምንም አልጻፈም።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ከሥራ ስወጣ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሮጬ ኮምፒውተር እከፍታለሁ፤ አልጋነሽ ፎቶዋ ላይ ትስቃለች፣ ከሥሯ ነጭ ሜዳ። ታደሰ ጋ ደወልኩ። «ሰው ይገባል» አለኝ ግራ ገብቶት፣ «ቆጣሪው ያሳየኛል። ገብተው አይተው ይወጣሉ።» እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው። የሚነሳ ነገር ጠፍቶኝ አይደለም፤ እጄ ፊደሉ ላይ ይደርስና ዓይነ አፋርነት ይይዘኛል። ማህበሩ ሞተ ብዬ ደመደምኩ። አውቶቡስ ውስጥ እንባዬ መጣ፣ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ተነስቶ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

በመጨረሻ የስልክ ካርድ ገዝቼ ጋሽ ሙሉነህ ቤት ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ድረ ገጹ አልከፈት ብሎዎት ነው?»

«ኧረ ተከፍቶልኛል። ያምራል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ማን ግባ ብሎኝ?»

«ጋሼ! ለሁሉም ክፍት ነው እኮ።»

«ስሚ ልጄ» አሉ። «በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ውስጡ ሰው የሌለበት ቤት ብታገኚ ገብተሽ ትቀመጫለሽ? እኔ በበኩሌ ደንግጬ ነው የምወጣው። ባለቤቱ ምን ሆነ እላለሁ። ለመሆኑ ተራው የማን ነው?»

«ተራ ቀርቷል።»

«እሱ ነዋ! ለቅሶ ቤት እንኳ ወግ አለው።»

ስልኩን ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ። ለካ ማንም አልሞተም፤ ማንም አልተቀየመም። ሁላችንም ደጃፍ ላይ ቆመን ኖር የሚለን እየጠበቅን ነበር፣ እኔ ሐኪም ቤት እንደቆምኩት።

«በይ ተራው ያንቺ ይሁን» አሉኝ።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ደረስኩ። «ቤቱ የእኔ ነው፣ ግቡ» ብዬ ጀመርኩ። የሚኒባሱን ዘፈን አነሳሁ። ከዚያ አንድ በአንድ ጠራኋቸው፦ ጋሽ ሙሉነህ ከፍ ብለው ይቀመጡ፤ ታደሰ አንተ ደክሞሃል እረፍ፤ የጅዳዋ፣ አንቺ ልጅ ምነው ጠፋሽ? ማታ ከሥራ መልስ ስከፍተው መጀመሪያ ያየሁት የጋሽ ሙሉነህን ነው፦ «በእግዜር፤ አትነሱ።» ከሥሩ የቶሮንቶው፣ ከሥሩ የጅዳዋ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው የአማኑኤል ሰው። ለእያንዳንዱ ከላይ ያሉት ሁሉ «ኖር» ብለዋል። ታደሰ ነገሩ ገርሞት «ኖር የሚል ቁልፍ ልሥራ እንዴ? መጫን ብቻ» ቢል ጋሽ ሙሉነህ ሲቆጡ አሥር መስመር ጻፉ። እንጀራ ባይኖርም በቂጣ ጥሩ እራት በላሁ፣ ተኛሁ።

ይኸው ዓመታት አለፉ፤ ቤቱ እንደሞላ ነው። በየበዓሉ ጋሽ ሙሉነህ ጋ እደውላለሁ። ባለፈው ፋሲካ ስለ ድረ ገጹ ሳመሰግናቸው አቋረጡኝ።

«በኮምፒውተር ኖር ማለት ምን ይከብዳል፣ ተቀምጬ ነው የምለው» አሉ። «ለአንቺ ግን ተነስቼ ማለት ነው የምፈልገው። ጉልበቴ ሳይከዳኝ ነይ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። መቼ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላውቅም።