ኤደልሚራ አልወርድም ያለችበት ምሽት

ኤደልሚራና እኔ ከቫልፓራይሶ ወደብ በስተሰሜን ባለችው መንደራችን፣ ከገደሉ ሥር የባሕር አረም እየለቀምን ነው ያረጀነው። ከዐለቱ ላይ በቢላ እንቆርጣለን፣ አሸዋው ላይ አድርቀን፣ ጠቅልለን ለነጋዴ እንሸጣለን። ገና በሃያዎቹ ሳለን ሊሳንድሮ የሚባል ልጅ ከሳንቲያጎ መጣ። በመኪናው ጣሪያ ላይ ያሰረውን ሰማያዊ የሸራ ክንፍ ፈታና ከአፋፉ ሮጦ ዘለለ፤ እንደ ወፍ ነፋሱ ላይ ተንሳፈፈ። መንደሩ ጉድ አለ።

ኤደልሚራ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ፣ "እኔንም አስተምረኝ" አለችው።

"አንቺ? ክንፉን ማን ይሸከምልሻል?"

"እርጥብ አረም ተሸክመህ ይሄን ዳገት ወጥተህ ታውቃለህ?"

ሳቀ። በዚያው ተሸነፈ።

በጋውን ሙሉ ከአሸዋው ጉብታ ላይ ስትሮጥ፣ ስትወድቅ፣ ጉልበቷ ሲላጥ ከረመች። አባቷ ዶን ኤውሎሂዮ ከጀልባው ላይ ሆነው፣ "ምነው ልጄ፣ ባል አጥተሽ ነው ከወፍ የተጠጋሽው?" ሲሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

የካቲት ማለቂያ ላይ፣ ነፋሱ ከባሕሩ ሳያቋርጥ በሚነፍስበት አንድ አመሻሽ፣ ሊሳንድሮ "ዛሬ ብቻሽን ነሽ። አሥር ደቂቃ ብቻ። እጄን ሳወዛውዝ ትወርጃለሽ" አላት። ክንፉን ትከሻዋ ላይ አነሣች፣ መምሪያ ዘንጉን ጨበጠች፤ አምስት ስድስት እርምጃ እንደሮጠች መሬቱ አለቀ። ነፋሱ ግን ከገደሉ ተጋጭቶ ወደ ላይ ሲነሣ እሷንም ይዟት ተነሣ።

አሥር ደቂቃው አለፈ። ሊሳንድሮ ክንዱ እስኪዝል አወዛወዘ። እሷ ወይ ፍንክች! ገደሉን ይዛ እስከ ጥግ ትሄዳለች፣ ዘንበል ብላ ትዞራለች፣ ትመለሳለች። ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ የባሕር ወፎች ተሰልፈው ከጎኗ አለፉ። ዶን ኤውሎሂዮ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን አንጋጠው በዓይናቸው ተከተሏት። ፀሐይ ባሕሩን ስትነካ ኤደልሚራ ወርዳ አሸዋው ላይ በጉልበቷ አረፈች።

ሊሳንድሮ እየሮጠ ደረሰ። "አብደሻል እንዴ! ለምን አትወርጅም?"

"ለምን እወርዳለሁ?" አለችው። ታለቅስ ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ ሊሳንድሮ ክንፉን ሸጦ ለሥራ ወደ ደቡብ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ምሽት ምሽት ኤደልሚራ ወደ ሰማይ አንጋጣ ስትቆም ሰው ሁሉ እሱን የናፈቀች መሰለው። እኔም መስሎኝ፣ ከዓመታት በኋላ አረም ስንጠቀልል "አሁንም ትወጂዋለሽ?" አልኳት።

"ማንን?" አለች፤ ከልቧ ነው። ኋላ ገባትና ሳቀች። "ደግ ልጅ ነበር፤ መልኩ እንኳ ጠፍቶኛል። ነፋሱ ክንፉን ሲይዘው ዘንጉ እጄ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ግን አልጠፋኝም።"

አምና ከከተማ የመጡ በራሪዎች ታሪኳን ሰምተው፣ ሁለት ሰው በሚይዝ ክንፍ ሊወስዷት ለመኑ። ስድሳን አልፋለች። የራስ ቁሩን አጠለቀች፣ ማሰሪያውን ታጥቃ አፋፉ ላይ ቆመች።

"ዘንጉን የሚይዘው ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ እማማ። እርስዎ ዝም ብለው ማየት ነው" አላት አንዱ ወጣት።

የማሰሪያዋን መቆለፊያ ፈታች። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እኔ የናፈቀኝ እንደ ዕቃ መጫን አይደለም።"

ቁልቁለቱን ክንዴን ይዛ ወረደች። ልጁ ብቻውን ተነሥቶ በላያችን ሲያልፍ ቆመችና፣ "ቶሎ ዞረ። ትንሽ ቢታገሥ ነፋሱ ያነሣው ነበር" አለች። እስኪያርፍ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቅንም።