የሦስተኛው ፎቅ ዋጋ

በማዳሜ ልጅ እቀና ነበር። በመልኳ ወይም በልብሷ አይደለም፤ በማስተርስ ጥናቷ ነው። እዚህ ዓረብ አገር፣ መዝረዓ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን በሳምንት ሁለት ቀን አጸዳለሁ። እሷ ሳሎን ተቀምጣ የምንዛሪ መዋዠቅ የቤት ዋጋን እንዴት እንደሚያናጋ በኢኮኖሜትሪክስ ሞዴል ታጠናለች። እኔም አገሬ እያለሁ ኢኮኖሚክስ ሦስተኛ ዓመት ደርሼ ነው ያቋረጥኩት። ጠረጴዛዋን ስወለውል ያንን ሞዴል ሳይ፣ የድሮ ፍቅረኛዬን ከሌላ ሴት ጋር ያየሁ ያህል ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ቀን ከደላሎች በሰበሰበችው የቤቶች ዝርዝር ላይ እኔ በምኖርበት ሰፈር በባውሽሪዬ፣ ከኪራይ ክፍሌ ጎን ያለውን ሕንፃ አየሁት። ደረጃውን የማጥበው እኔ ነኝ። ሦስተኛውና አራተኛው ፎቅ እኩል ስፋት አላቸው፤ ወረቀቱ ላይ ግን የሦስተኛው ዋጋ የአራተኛው እጥፍ ነው። ምክንያቱን የሕንፃው ዘበኛ ሳይቀር ያውቃል። ሦስተኛው የተሸጠው የአገሩ ባንኮች በጥሬው አናወጣም ብለው ባገቱት ዶላር፣ በቼክ ነው፤ አራተኛው በጥሬ ዶላር። በቼክ ሲሆን ሻጩ ዋጋ ይቆልላል፤ ቼኩን ወደ ጥሬ ገንዘብ ሲቀይር ይከስራላ! ልጅቷ ሁለቱን ባንድ ዓምድ ደባልቃ፣ ሞዴሉ ለምን እምቢ እንዳላት ትጨነቃለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ስታለቅስ እንኳ ወለሉን መወልወሌን ቀጠልኩ። በመጨረሻ ያናገረኝም ደግነት አይደለም፤ እኔ የማውቀውን እሷ ስታበላሸው ማየት አቅቶኝ ነው።

«ይሄኛው በቼክ ነው፣ ያኛው በጥሬ። ለየብቻ አድርጊያቸው» አልኳት፣ ጓንቴን ሳላወልቅ።

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለደላሎቹ አንድ በአንድ ደወለች። በሳምንቱ ስመጣ በሩ ላይ አቀፈችኝ።

«አንቺ ባትኖሪ፣ ያኒ፣ ኸላስ፣ አልቆልኝ ነበር! ምስጋናው ገጽ ላይ አስገባሻለሁ። ያላ፣ ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ!»

እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ። ስሜ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ስንት ዓመት ተመኝቻለሁ። ግን ከመጀመሪያዋ ማዳሜ ቤት ጠፍቼ የወጣሁ ነኝ። ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው፤ «ሰርቃኝ ጠፋች» ብላ ፖሊስ ጣቢያ ያስመዘገበችውም ይህንኑ ስሜን ነው።

«‹ቤታችንን የምታጸዳው ሴት› በይ፤ ይበቃል» አልኳት።

እንዳልኳት ጻፈች። ጥናቷ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ሰጠችኝ፤ ከፍራሼ ሥር አስቀምጬዋለሁ። አሁን በሞዴሏ አልቀናም። የምቀናው ሽፋኑ ላይ ስሟን ሳትፈራ በመጻፏ ነው።