የእትዬ ሀረገወይን መጅ

ፈትለወርቅ ያሳደጓትን ሴት፣ እትዬ ሀረገወይንን፣ በጎሬው ደብር ግቢ ከቀበረች ዓመት ሊሞላት ነው። የሴቶቹ የጽዋ ማኅበር ተመካክሮ፣ «እንዲህ ያለች ዘማች ያለ ምልክት አትቅር» ብሎ በመቃብራቸው ላይ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ አቆመላቸው። ነገሩ መልካም ነበር። የተበላሸው ስሙ ላይ ነው፤ ያበላሸችውም ራሷ ፈትለወርቅ ናት።

ድንጋይ ጠራቢው ደርበው «ማን ብዬ ልጻፍ?» ሲላት፣ ለሙት የሚጠራው የክርስትና ስም ነውና፣ «ወለተ ማርያም» አለችው። በፍትሐቱም በተዝካሩም የተጠሩት በዚሁ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። ድንጋዩ ሲቆም አየች፣ ተሳለመች፣ ወደ ቤቷ ሄደች።

ይህን ስም ግን ከእሷና ከቄሱ በቀር ልብ ያለው አልነበረም። ጎሬ የሚያውቃቸው ሀረገወይን ብሎ ነው። የመቱ ገበያ የኦሮሞ ሴቶችም «ሃርሜ ሀረግ»፣ እናታችን ሀረግ፣ ይሏቸው ነበር።

ሀረገወይን ወደ ሰሜን የዘመቱት በወጣትነታቸው፣ ባላቸውን ተከትለው፣ ስንቅ አዘጋጅ ሆነው ነው። የወፍጯቸውን መጅ በአንቀልባ አዝለው ከጎሬ ወጡ። «የታችኛው ድንጋይ በየሰፈሩ አይጠፋም፤ መጅ ግን እጅ የለመዳት ካልሆነች አትፈጭም» ይሉ ነበር። ወታደሮቹ አልማሯቸውም፤ «ሀረግ ድንጋይ አዝላ ድንጋይ አገር ትዘምታለች!» እያሉ ሳቁባቸው። ባላቸው ወሎ ሳይደርስ በንዳድ ሞተ። ተመለሺ ሲሏቸው፣ «እሱ ቢሞት የሚበላው ሠራዊት አልሞተም» ብለው መጃቸውን አዝለው ቀጠሉ። ሠራዊቱ ቁስለኛና በሽተኛ ጥሎ ሲያልፍ እሳቸው አብረው ቀሩ፣ ገብስ እየፈጩ፣ በሶ እየበጠበጡ። አገራቸው ሲመለሱ አንቀልባው ውስጥ ከመንገድ ዳር ያነሷት ሕፃን ነበረች፤ መጇን በክንዳቸው አቅፈዋት ነበር። ሕፃኗ ፈትለወርቅ ናት።

በሙት ዓመቱ ሰሞን ጋሼ አምባዬ ከአቅራቢያው ቡሬ አዳር ተጉዘው መጡ። ያኔ በዘመቻው ተቅማጥ ጥሏቸው፣ ጓዶቻቸው ለሞት ትተዋቸው ሲሄዱ፣ ሀረገወይን ዘጠኝ ቀን በሶ እያጠጡ ያተረፏቸው ሰው ናቸው። ወደ ፈትለወርቅ ደጅ የደረሱት ተቆጥተው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ድንጋይ አቁመንላታል ያላችሁት የት ነው? ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት።»

«ከዝግባው ሥር ነው፣ ጋሼ።»

«ከዝግባው ሥርማ አንዲት ወለተ ማርያም የምትባል ናት። ዲያቆኑ አነበበልኝ። ቢደክመኝ እሷው ላይ ተቀምጬ ሽቅብ ቁልቁል ሳማትር ዋልኩ።»

«እሳቸው ናቸው፣ ጋሼ። የክርስትና ስማቸው ነው።»

ሽማግሌው አፋቸውን ያዙ። «ተቀመጥኩባት?»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

«ያኔም ተሸክማኝ፣ ዛሬም ተሸከመችኝ በይኛ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «ልጄ፣ እኔ ካላወቅኋት ማን ሊያውቃት ነው?»

ያች ቃል ፈትለወርቅን አላስተኛትም። በማግስቱ መምሬ ገብረ ሥላሴ ዘንድ ሄደች።

«መምሬ፣ ስሙ ይለወጥልኝ።»

«እግዜር የሚያውቃት በዚህ ነው፣ ልጄ።»

«እግዜርማ ያለ ድንጋይም ያውቃቸዋል። ድንጋዩ ለሰው ነው።»

መምሬ «እንግዲያስ ደርበውን ጠይቂው» አሏት። ደርበው ድንጋዩን በመዳፉ ዳበሰና ራሱን ነቀነቀ። «ዳር እስከ ዳር ጽፌዋለሁ፣ መጨመሪያ ቦታ የለውም። ልፋቀው ብል ይሰነጠቃል።»

ቤቷ ገብታ መደብ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ነገር እንዲህ ሳይሆንላት ቀርቷል፤ ይህም ይቅር አለች።

ጋሼ አምባዬ ወደ ጓዳው ያዩ ነበር። «ያቺ መጅስ? የሳቅንባት?»

መጇ ወፍጮው ላይ ነበረች። ጠዋት ፈጭታባት የገብስ ዱቄት እንደ ለበሰች ናት። ሁለቱ ጫፎቿ በእጅ ብዛት ሟሙተው፣ ወገቧ ጎብጦ ነበር። ጎሬ ላይ ያልተዋሳት ሴት የለችም። ፈትለወርቅ አርባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ እስኪቀራት ድረስ ሌላ መጅ አታውቅም። ብዙ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ዱቄቱን አራገፈች፣ በነጠላዋ አዘለቻትና ወጣች። ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ተከተሏት። ደርበው ከድንጋዩ ግርጌ ጎድጎድ አድርጎ በኖራ ተከላት።

«በል እንግዲህ» አሉ ጋሼ አምባዬ፣ «አሁን የሚቀመጥባት ደፋር እናያለን።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጎረቤቷ ምንዳዬ ከልጇ ጋር በዝግባው ሥር ስታልፍ ቆመች።

«ውይ! የእትዬ ሀረግ መጅ! እዚህ ምን ትሠራለች?» ከዚያ ቀና ብላ ድንጋዩን አየች። «ለካ ይህ ድንጋይ የሳቸው ነው!» ጎንበስ ብላ መጇን ሳመችና ለልጇ የወሎውን መንገድ ታወራላት ጀመር።

ማክሰኞ ፈትለወርቅ ገብሷን በቁና ይዛ ምንዳዬ ደጅ ቆመች።

«እባክሽ፣ መጅሽን አውሺኝ።»

«የራስሽስ...» ብላ ምንዳዬ አልጨረሰችውም። ከወፍጮዋ ተነሥታ ቦታ ለቀቀችላት።