አፖንዲን የመለሳት ቃል

አፖንዲ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እዚህ ኬንያ፣ ኪሱሙ ከተማ፣ ከሕፃናት ጽሕፈት ቤቱ ሦስት አሳዳጊዎች ወስደው መልሰዋታል፤ ሦስቱም ማኅደሯ ላይ ያሰፈሩት አንድ ቃል ነው፦ «አትሰማም»። በሉኦ ቋንቋም እንደ አማርኛው አለመታዘዝና መደንቆር በዚሁ ቃል ይነገራሉ።

አራተኛዋ አሳዳጊ ማማ ሪስፓ፣ ጽሕፈት ቤቱ በየዓመቱ ለሚጠይቀው የጤና ወረቀት ወደ ክሊኒኬ አመጣቻት።

«ሲስተር፣ ይቺን ዱላም አላስተማራት። ዓሣ ሲጠበስ ግን የሚቀድማት የለም!»

«ሽታው ነዋ የሚጠራት!» አልኩና ከልጅቷ ኋላ ሆኜ አጨበጨብኩ። አልዞረችም። ጆሮዎቿን በመብራት አየኋቸው። ድምፅ የሚቀበለው ስስ ቆዳ፣ ያ ከበሮ የመሰለ ድንቅ ነገር፣ በሁለቱም በኩል በመግል ተበልቷል። በጊዜው ቢታከም ይድን ነበር፤ አሁን የማዳመጫ መሣሪያ ያስፈልጋታል። ይህን ለሪስፓ ቀስ ብዬ አስረዳኋት።

«እና የምሯን ነው የማትሰማው?» አለች። «እኔ እኮ እልኸኛ መስላኝ ነው የታገስኳት። እልኽ በዱላ ይወጣል፤ ደንቆሮ ግን ምን ያደርግልኛል?»

ያኑ ዕለት መለሰቻት። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወረቀቴን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ቃል አነበበ፦ «አትሰማም…»

«ይህንንማ እናውቃለን» አለና ሳይጨርሰው ማኅደሯ ውስጥ ከሦስቱ አሳዳጊዎች ቃል በታች ከተተው።