ኣያ ሲወድቁ የነፋሁት ፊሽካ

መቐለ በአስተማሪነት በቆየሁባቸው ዓመታት እሁድ እሁድ ጠዋት የሰፈራችንን የጤና እግር ኳስ ቡድን የማጫውተው እኔ ነበርኩ። ለሁለት ተከፍለን እርስ በርስ እንጋጠማለን። ጉልበቴ ከተበላሸ ወዲህ ሩጫው እምቢ ስላለኝ ፊሽካ አንጠለጠልኩ። ወሎዬ ነኝ፤ ስናደድ ግን ያ የወሎ ለዛ የት እንደሚገባ እንጃ። እውነቱን ተናግሬ ከመሸበት አድራለሁ ባይ ነበርኩ።

ከሁለቱ በረኞች አንዱ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ስድሳን አልፈዋል። ሁላችንም እንደ ታላቅ ወንድም "ኣያ" ነበር የምንላቸው። ልጆቻቸው "ይብቃዎት፣ ሰው ምን ይላል?" እያሉ ይጨቀጭቋቸዋል። "ሱቅ ውስጥ ሽማግሌ ነኝ፣ በሩ ላይ ግን በረኛ ነኝ" ይላሉ እሳቸው። እውነትም በረኛ ነበሩ። ባንክ የሚሠራ አንድ ወጣት አጥቂ አለ፤ ኳሷን ሲነጥቁት "ኧረ ኣያ፣ ዛሬ ደግሞ ምን በልተው ነው የመጡት?" ይላቸዋል።

አንድ እሁድ ኳስ ከማዕዘን ተሻማች። ኣያና የባንኩ ልጅ እኩል ዘለሉ፤ የልጁ ጉልበት ጎናቸውን መታቸው። ጥፋት አልነበረም፣ ሁለቱም ያዩት ኳሷን ነው። ኣያ ተዘረሩ፣ ኳሷም ከእጃቸው አመለጠች። ሌላ የልጁ ቡድን ተጫዋች ወደ ባዶው በር መታት፤ መስመሩን ሳታልፍ ነፋሁ። ክፉኛ የተጎዳ ካለ ጨዋታውን አቁም ይላል ሕጉ፤ ክፉኛ መሆን አለመሆኑን ግን ለዳኛው ዓይን ነው የተወው። ጎሉን ሻርኩት።

ጉድ ፈላ! ያስቆጠሩት ከበቡኝ። ከሁሉ ብሰው የተቆጡት ግን ኣያ ራሳቸው ናቸው፤ አቧራቸውን ሳያራግፉ፣ ጎናቸውን ይዘው መጡ።

"ለምን ነፋህ?"

"ተጎድተው ነበር እኮ፣ ኣያ።"

"ባለፈው እሁድ ያኛው በረኛ ወድቆ ሲያቃስት ነፍተሃል?"

አልነፋሁም። ያኛው ጎረምሳ ነው፤ ይነሳል ብዬ አስቀጠልኩ፣ ገባበት፣ አጸደቅኩ።

"ያየኸው ጎኔን አይደለም፣ ሽበቴን ነው። ጎሉን አጽድቅ!"

ደሜ ፈላ። በረኛ ይግባብኝ ብሎ ሲሟገት በየት አገር ታይቷል? "ሞተው ቢሆንስ ኖሮ?" ብዬ ጮህኩባቸው። ዛሬም እንደዚያ ወድቀው ባይ እነፋለሁ። የሰው ሕመም በምን ይለካል? ወጣት ሲወድቅ ትከሻውን አይቼ እገምታለሁ፤ ሽማግሌ ሲወድቅ የማየው አባቴን ነው። ያንን ከዓይኔ ላይ ማውጣት አልችልም። ርኅራኄ ይሁን አድልዎ፣ ቁርጡን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ፊሽካዬ ያመጣውን ጣጣ ያየሁት በሚቀጥለው እሁድ ነው። ወደ ኣያ በር አጥብቆ የሚመታ ጠፋ። ማዕዘን ሲሻማ ከእሳቸው ጋር የሚዘል የለም። ሁሉም እየመጣ ይለሳለሳል። በመጨረሻ የባንኩ ልጅ ብቻውን በሩ ፊት ደረሰ። ድሮ ቢሆን ይለጋት ነበር። በእግሩ ጠርዝ ቀስ አድርጎ አንከባለላትና "ይያዟት፣ አባቴ" አለ።

አባቴ! ምነው አፉን በያዘልኝ።

ኣያ ኳሷን አዩዋት። አልጎነበሱም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው አሳለፏት። መስመሩን አልፋ ትንሽ ሄደችና ቆመች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን አደርጋለሁ? ነፋሁና እጄን ወደ መሃል ሜዳ ዘረጋሁ። ጎል።

"ጎበዝ" አሉኝ ኣያ። ሳቅም ቁጣም ፊታቸው ላይ አልነበረም። ጓንታቸውን አውልቀው ከበሩ ብረት ሥር አስቀመጡ፣ ጃኬታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ሮማናት አደባባይ በሚወስደው መንገድ ሄዱ። ልከተላቸው ፈለግሁ። የባንኩ ልጅ ግን ኳሷን መሃል ላይ አስቀምጧል፤ ሰው ሁሉ እንድነፋ ይጠብቃል።